ጦስኝን ሲመረምሩ የኖሩት የዶክተር ድንቅቱ ነገሳ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ድንቅቱ ነገሳ ከአባታቸው ከኦቦ ነገሳ ሊቤ እና ከእናታቸው ከአዴ ኤቢሴ ኪሩ በ1962 ዓ.ም. ጫንጮ አቅራቢያ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ጫንጮ ሲሆን ሁለተኛ ደረጃን ሱሉልታ ጨርሰዋል። ሰው «ሴት ልጅ አስተምሮ ምን ሊያገኝ ነው» ሲል ኦቦ ነገሳ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ኢፋ ታመነ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቡራዩ ገፈርሳ ኖሩ፤ አንድ ልጃቸውን ኤልቃናንም ወለዱ። በ1998 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው ሰበታ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ተቀጠሩ። ሥራቸው የጦስኝን ዘይት በእንፋሎት ማውጣት፣ ከዘይቱም ተህዋስያንን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለብቻው መለየት ነበር። ከጆንያ ሙሉ ጦስኝ የሚገኘው ዘይት የጠርሙስ ቂጥ አይሸፍንም። ለዚያ ሥራ የነበራቸውን ትዕግሥት ለሰው አልነበራቸውም፤ ይህን የምንለው እየወደድናቸው ነው።

በ2008 ዓ.ም. ዘይቱ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ተህዋስያንን መግደሉ በሬዲዮ ተነገረ። ወሬው ጫንጮ ሲደርስ ግን «ድንቅቱ መድኃኒት አገኘች» ሆነ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጂሬኛ የሳንባ ነቀርሳ ክኒናቸውን ትተው ከገበያ የገዙትን የጦስኝ ዘይት ይጠጡ ጀመር። ዶክተር ድንቅቱ ሲሰሙ ጊዜው አልፎ ነበር። ወንድማቸውን ከቀበሩ ወዲህ ዘይቱን መድኃኒት ብሎ የጠራ ሁሉ ቁጣቸውን ቀምሷል። «ሳህን ደም የለውም፣ ጉበት የለውም» ይሉ ነበር።

ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ባለፈው ጥር እግራቸው ላይ የወጣውን ቁስል መድኃኒት የተላመደ ተህዋስ ያዘው፤ ሐኪሞች ያላቸውን ሁሉ ሞክረው አልሆነም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ከቁስሉ ናሙና ወስደው እሳቸው በለዩት ንጥረ ነገር ፈተሹት። ሐሙስ ውጤቱ መጣ፤ ሳህኑ ላይ ተህዋሱ ሞቷል።

ኤልቃና ንጥረ ነገሩ ያለበትን ብልቃጥ ከሰበታ አምጥቶ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከከ። «ሀርሜ፣ እናቴ፣ ሌላ ምን ቀረን?» ብሎ ለመናቸው። በሰው ላይ ያልተሞከረ ነገር መሆኑን ነግረውት እጁን ያዙ። «ብሞት አንድ ሰው ነኝ። ብድን ግን ስንቱ ክኒኑን ይጥላል?» አሉት። ብልቃጡም ወደ ሰበታ ተመለሰ።

እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። እኛ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ዘመዶቻቸው ልክ ነበሩ ብለን ለመቀበል ገና አቅም የለንም፤ አንጀታችን አርሯል። አደራቸው ስለሆነ ግን በአስከሬናቸው ፊት እንናገራለን፦ ከዚህ ለቅሶ ስትመለሱ ክኒን የምትወስዱ ሁሉ ሳታቋርጡ ጨርሱ።

ሳይድኑ ሌላውን ያሰቡትን እናታችንን እግዚአብሔር ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።