የህንዱ ሚስት ምን አለች?

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ መቅደላ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ጉልበትሽስ? ጋሽ ሰለሞን ደህና ነው? ኤደንዬስ አደገች? የጅማው ዝናብ፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔና እማዬ ከነሐዘናችን አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የያዘው ጎረቤታችን ፈንታው መጀመሪያ እዚያ ያሉትን ዘመዶች ሰብስቦ፣ በማለዳ ቤትሽ መጥቶ፣ አልቅሳችሁ ሲወጣላችሁ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ የአባባን ሞት ሰምተሻል። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውን አላፈረስኩም። እኔ የምጽፍልሽ እንዴት እንደሞቱ ነው። ሰው ብዙ ያወራልሻል፤ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

የአባባን ህንድ ታስታውሻለሽ? ወልድያ ሲማሩ ሂሳብ ያስተማሯቸው ሚስተር ናምቢያር ስለ አባታቸው የነገሯቸውን፣ እኛን እራት እስኪደርስ የሚያቆዩበትን ታሪክ? ለእንግሊዝ አልገዛም ብሎ ጋዜጣ የሚያትም፣ ማተሚያውን ቢወርሱበት በእጁ እየጻፈ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ካለ ዛፍ ላይ የሚለጥፍ፣ ታስሮ ጥርሱን አርግፈውት ሲፈታ ከወህኒው በር ቀጥታ ወደ ቀለሙ የሮጠ ሰው። በረሃብ ዘመን ሩዝ የት እንደሚታደል ቀድሞ ቢሰማ መጀመሪያ ለሕዝቡ ጻፈ፤ የራሱ ቤተሰብ ሰልፉ መጨረሻ ደርሶ ባዶ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። «ወሬ ደብቆ ብቻውን የሚበላ ሌባ ነው» ይል ነበር አሉ። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ «ሚስቱስ ምን አለች?» ትያቸው ነበር። ለጥያቄ ሁሉ መልስ የማያጡት አባባ፣ «እሱን ሚስተር ናምቢያር አልነገሩኝም» ብለው ይስቃሉ።

ጦርነቱ መጥቶ ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ አባባ ራሳቸው ህንዱን ሆኑ። በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ እየጻፉ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ጀመር። ጨው የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ፣ ከወልድያ በእግሩ የመጣ ሰው ለማን ሰላምታ እንደያዘ፣ ማን በሰላም እንደተገላገለች። የሞተ አይጽፉም፤ መርዶ የሽማግሌ ነው። ያለፈበትን ወሬ ያኑ ዕለት ገንጥለው ያነሳሉ። እማዬ «ባለጋዜጣው» እያለች ስታሾፍባቸው ደስ ይላቸው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማስተማር ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም።

የስኳር መርፌያቸው ግን እያለቀ ነበር። አንቺ የላክሽው መንገድ ተዘግቶበት ደሴ ቀረ፤ በዚህ ራስሽን አትውቀሺ፣ አደራ። መጠኑን እየቀነሱ ቆዩ። እግራቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ሐሙስ አልታየች የምትባለው፣ ከጎረቤት ከተማ ከግራና ጨው ይዛ የምትመጣው ነጋዴ ጠጋ ብላ፣ «አብዱልመሊክ መድኃኒት ቤት ትንሽ ኢንሱሊን አለ። እንስራ ውስጥ አቀዝቅዞ ደብቆታል። ላባትህ ብቻ ንገር» አለችኝ። ሮጬ ነገርኳቸው። ጎሕ ሲቀድ እንሂድ ተባብለን እኔ በቅሎ ልለምን ወጣሁ።

ስመለስ ግድግዳው ላይ ነበር። በዚያ በሚያምረው እጃቸው፣ በትልልቁ፦ «ለስኳር ሕሙማን፦ ግራና አብዱልመሊክ ዘንድ ኢንሱሊን አለ።» ልቀደው እጄን ዘረጋሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ቆማ ታነብ ነበር። እጄን መለስኩ።

በማግስቱ እኛ ስንደርስ መድኃኒቱ የለም። አብዱልመሊክ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ወላሂ ለርስዎ ባስቀር ደስ ባለኝ። የመጣውን ሰው ፊት እያየሁ እንዴት ልከልክል?» አለ። አባባ ምን ብለው ቢጠይቁት ጥሩ ነው? «ከግድግዳው አንብበው ነው የመጡት?» አዎ ሲላቸው ፈገግ አሉ። እትዬ፣ ያን ፈገግታ እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ቤት ስንገባ እማዬ ባዶ እጃችንን አየች። አልጮኸችም። «አንቱ፣ ላገሩ ሁሉ ደርሰው ለኔ ማንን ተዉልኝ?» አለቻቸው። አባባ ከዚያ ብዙ አልቆዩም፤ ጥማቱ፣ ትውከቱ፣ ቀጥሎ እንቅልፉ። እማዬ እጅ ላይ አረፉ። ቀባሪ አላጡም። ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴትም መጥታ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ልጇ ድናለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያንን አገሩን እንኳ የማላውቀውን ህንድ ረገምኩት።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ መድኃኒትና ስልክ ግን ገና ናቸው። ወረቀቱም እንደተለጠፈ ነው። ያለፈበት ወሬ መነሳት እንዳለበት አላጣሁትም፤ ግን እጃቸው ነው፣ እንዴት ልገንጥለው? ትናንት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ወሬውን ሰምተው ከቆላ በእግራቸው መጡ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ግራና በየት በኩል ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። መድኃኒቱ እንደሌለ ስነግራቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቤት ገብቼ የአባባን እስክሪብቶ አመጣሁና ከጽሑፋቸው ሥር በእኔ እጅ «አልቋል» ብዬ ጻፍኩበት።

ተዝካሩን ለጥር አስበናል፤ መምጣት ከቻልሽ እማዬ ዓይንሽን ማየት ነው የምትፈልገው። ጉንጭሽን እየሳመች «ልጄ ጠንክሪ» ብላሻለች። ጋሽ ሰለሞንን እግዜር ያጽናህ በይልኝ። አብረውሽ ላለቀሱት ጎረቤቶችሽ ሁሉ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ኤደንዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የአያቷን ህንድ ታሪክ ስትነግሪያት፣ እንደ አንቺ «ሚስቱስ ምን አለች?» ማለቷ አይቀርም። አሁን የእማዬ መልስ አለሽ።

ወንድምሽ ተስፋዬ ወልዴ
መርሳ፣ ሀብሩ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.