ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ

የኅዳር ሦስተኛው እሁድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ነበር፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ማርታ ለቡና ለቀማው ከሚዛን ከተማ መጥታለች። ማድረቂያ አልጋው ላይ ያለውን ቡና በላስቲክ ሸፍነን ገባን። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ልብስ ታጣጥፋለች፤ እኔ እጽፍልሃለሁ።

የማርታ አባት፣ እንደምን አለህ ብዬ መጠየቅ ለአንተ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከተለየኸን ይህ ሁለተኛው ለቀማ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን በር ማርታ በአዲስ እንጨት አሠራችው። ግድግዳው ላይ የለጠፍናቸው ጋዜጦች ግን ጢስ አጥቁሯቸው አይነበቡም። እኔ ፊደል የለየሁት ከእነሱ ነው። አንዱን አንተ ዘቅዝቀህ ለጥፈኸው አንገቴን ጠምዝዤ ሳነበው፣ «የእኔ ሚስት የተዘቀዘቀም ታነባለች» እያልክ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር። በዚያ ወሬህ ነው መሰለኝ ሰው ለወረዳው ምክር ቤት የመረጠኝ።

ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ቀን ከነጭቃ ቦቲህ መጥተህ ከአዳራሹ መስኮት ስር ቆመህ ነበር። ቀኝ እጃችንን አንስተን ዳኛው የሚለውን ተከትለን ደገምን። ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ያዝክና «ይህች ቀኝ እጅ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌው ናት፤ ለእኔ ግራዋ ትበቃኛለች» አልከኝ። እስከ ቤት ድረስ እየሳቅኩ መጣሁ።

ባለፈው ረቡዕ በዚያው አዳራሽ ያንኑ እጅ አነሳሁ። ልነግርህ የተቀመጥኩት እሱን ነው።

የዓመቱ የሥራ ዕቅድ እዚያው በር ላይ ታደለን። አሥራ አራት ገጽ ነው። የማነበው ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ እንደሆነ ታውቃለህ። አራተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ አፈ ጉባኤው «የሚደግፍ?» አለ። አንብቤ አልጨረስኩም ማለት ነበረብኝ። ግን መምህራኑም፣ ዲግሪ ያላቸውም ወረቀቱን አገላብጠው ሲያስቀምጡ አይቼ አፈርኩ። ከሸኮ በኩል የተመረጠችው፣ አጠገቤ የተቀመጠችው፣ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አንሺ እንጂ እቴ፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው!» አነሳሁ። «የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ወረቀቱን ይዤው መጣሁና ቡናውን እየጠበቅኩ ንባቤን ቀጠልኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የእኛ ወንዝ አለ። ስንጠብቀው የኖርነው የእግረኛ ድልድይ ከዘንድሮው ሥራ ይውጣና ወደፊት ይታያል፤ በእሱ ፋንታ የምክር ቤቱ ግቢ ይታጠራል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ለማርታ ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝና «እማዬ፣ ሁሉም እኮ አንስተዋል። ያንቺ አንድ እጅ ምን ይለውጥ ነበር?» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው።

ምን ይለውጥ እንደነበር አላውቅም። የማውቀው ያን ቀን ነው። አንተን በቃሬዛ ይዘንህ፣ ወንዙ ሞልቶብን፣ ከወዲህ ግማሽ ቀን ጠበቅን። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከማዶ ይታየን ነበር። ራስህን ጭኔ ላይ አድርጌ በኮባ ቅጠል ከዝናቡ ከለልኩህ። አንተ ግን «አይዞሽ፣ ውሃ ነው፣ ይጎድላል» ትለኝ ነበር። ሲጎድል አንተ መናገር ትተህ ነበር።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን እማማ አስካለ ያዙኝ። «ምራቴ ወሯ ገብቷል። የድልድዩስ ነገር? ያው አንቺ አለሽልን» አሉኝ። «ይታያል» አልኳቸው። ያቺኑ ቃል። ከእኔ በፊት የነበረው ተመራጭ በመጣ ቁጥር የሚላትን፣ አንተም «አቶ ይታያል» ብለህ ስም ያወጣህበትን። እሳቸውም መረቁኝ። ምርቃታቸው ከበደኝ።

ያን ሰው ስናማው ኖርን። ዛሬ ሳስበው ምናልባት እሱም ገጹን አልጨረሰ ይሆናል። ሰው ማልዶ ተነስቶ ዛሬ መሐላዬን አፈርሳለሁ የሚል አይመስለኝም። አፍሮ ነው፣ ደክሞት ነው፣ ምሳ ደርሶ ነው። ለእኔ ግን ይህ ምክንያት አይሆነኝም። እኔ እዚያ ወንዝ ዳር ተቀምጫለሁ።

ደክሞኛል፣ የማርታ አባት። ነገ ሄጄ ሳላነብ ነው እጄን ያነሳሁት ብል ይስቁብኛል። ባልሄድ ደግሞ ከማርታ በቀር ማንም አያውቅም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አሁን ሌላ ቃል አልገባልህም፤ የገባሁትም እንዲህ ሆኗል። ግን ያን ግማሽ ቀን፣ የኮባ ቅጠሉን፣ «ይጎድላል» ያልከኝን አልረሳም። ይህን ያህሉን እችላለሁ።

ሰኞ። ጠዋት ላስቲኩን ከቡናው ላይ ገለጥኩ። ቦቲህ ይሰፋኛል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፌ አደረግሁት። መጀመሪያ እማማ አስካለ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ድልድዩ ዘንድሮ እንደማይሠራ፣ እጃቸውን አንስተው ካስወጡት አንዷ እኔ እንደሆንኩ፣ ያነሳሁትም ሳላነብ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ንገሪያቸዋ!» አሉኝ። ወንዙ እስከ ጉልበቴ ነበር፤ ተሻገርኩ። ጉዳዩ ለጉባኤው ተመልሶ ይቅረብ የሚል ማመልከቻ በራሴ እጅ ጽፌ ነበር፤ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን መስመር አየችና «እሺ እናቴ፣ ይታያል» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ እኔ አልቸኩልም» አልኳትና ፊት ለፊቷ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።