ቆምኩ ብለህ ስትደውልልኝ

ታዴዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ፤ በሕይወትህም ቢሆን ለደብዳቤ ሰነፍ ነበርክ። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ጥቁር ልብሴን አውልቄአለሁ፤ ልጃችን ህሊና ናት በግድ ያስወለቀችኝ። እኔማ ለምጄው ነበር።

ሰፈራችን ተለውጧል። ገርጂ መንገዱ ሰፍቶ፣ ተሳቢህን የምታቆምባት ሜዳ አበባና የእግረኛ መንገድ ሆናለች። ብታያት መጀመሪያ ትቆጣለህ፣ ኋላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ። እኔ ሾላ ገበያ ያለችውን የቅመም መደቤን አልለቀቅኩም። ልጅህ ግን ደስ የሚልህን ነገር አድርጋለች፤ አንተ በነበርክበት ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ሆናለች። ሃያ ሁለት አካባቢ ካለ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ጅቡቲ የሚመላለሱትን መኪኖች በስክሪን ትከታተላለች።

አሁን እኮ መኪኖቹ ላይ መሣሪያ ተገጥሟል። ሾፌሩ መንዳት ሲጀምር የራሱን ካርድ ያስነካዋል፣ ከዚያ መሣሪያው ሰዓቱን ይቆጥራል። አራት ሰዓት ሲሞላ ይጮኻል፤ ሾፌሩ እምቢ ብሎ ካላረፈ ህሊና ስክሪን ላይ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ሾፌሮቹ «አማት» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ዓይኑን ከእነሱ ላይ አይነቅልም፣ ያየውንም ሳይናገር አያድርም። ህሊና ይሄን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ሥራ ስሠራ አልነበር እንዴ አልኳት።

እንዴት እንደጀመርን ታስታውሳለህ? ህሊና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከመንገድ ገብተህ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። ገዋኔ አካባቢ በጠራራ ፀሐይ ዓይንህ እንደተገለጠ እንቅልፍ ወስዶህ፣ ስትነቃ መኪናው በተቃራኒው መስመር እየሄደ ነበር። ከፊት የሚመጣ አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን ይሄን ለሚስቱ አይናገርም፤ አንተ ግን ተናገርክ፣ ያውም እያለቀስክ። የሰከረ ሰው አልሰከርኩም እንደሚለው ሁሉ እንቅልፍ የያዘውም ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ከእንግዲህ ራሴን አላምነውም፣ አንቺ ጠብቂኝ አልከኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስትነሳ ትደውላለህ፣ ስትቆም ትደውላለህ። «ወይንዬ፣ ቆምኩ» ትላለህ፣ እኔ «ተኛ» እላለሁ፣ ሰዓቱን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ላይ እጽፋለሁ። ደውዬ «ተነስ» ሳልልህ ሞተር አታስነሳም። አራት ሰዓት አልፎ ካልደወልክ ደግሞ ወዮልህ! የሾላ ሰው እስኪሰማ ድረስ ነበር የምጮኽብህ። ጎረቤቶቼ ባሏን በስልክ የምታስተኛ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሾፌሮቹማ ምን ያላሉህ አለ! በተለይ ከወንድም የማትለየው ጓደኛህ ሸምሱ፣ ሚስቱን አስፈቅዶ የሚተኛ እያለ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ስምህን አጥፍቶት ነበር። አንተ አብረህ ትስቃለህ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አፍረህ መደወል አልተውክም። ጎበዝ ሾፌር ሞልቷል፤ አፉን ሞልቶ ደከመኝ የሚል ወንድ ግን ከአንተ በቀር አላየሁም። ይሄን በሕይወትህ ሳለህ ስላልነገርኩህ ይቆጨኛል።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ከወር በፊት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ያ ረጅሙ ሾፌር ጌታሁን ከሚስቱ ጋር ሾላ መጥቶ ኮረሪማ ከእኔ ገዛ። የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ አለኝ። እኩለ ቀን ላይ ህሊና ስትደውልልኝ፣ እግረ መንገዴን ጌታሁን ሰላም ብሎሻል አልኳት። እማዬ እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። ስክሪኗ ላይ ጌታሁን ወደ ገዋኔ እየነዳ ነበር፤ ያውም የሸምሱን መኪና!

ገባህ አይደል? ሸምሱ የጌታሁንን ካርድ ተውሶ ነበር። የራሱ ሰዓት ሞልቶ መሣሪያው ሲጮኽበት የሰውየውን ካርድ አስነካ፤ አማትየዋም ያረፈ ሾፌር መሪውን የያዘ መሰላት። በማግስቱ የልጁ ኒካህ ነው፤ ቦሌ ለሚ ላለ ፋብሪካ የጫነውን ጨርቅ አራግፎ ሊደርስ ነው ጥድፊያው። ህሊና መዝገቡን ወደ ኋላ ሄዳ ስታይ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ነድቷል።

ልጅህ ጨነቃት። ብትናገር ሸምሱ ከሥራው ይባረራል፣ በልጁ ሰርግ ዋዜማ። ዝም ብትል ደግሞ ሊሞት ነው፤ ሌላ ሰው ይዞ ሊሞትም ይችላል። በዚያ ላይ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ከረሜላ እያበላ ያሳደጋት ሰው ነው። እማዬ ምን ላድርግ አለችኝ። ሚዛኔን አስቀመጥኩና አንተ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አሰብኩ። ከዚያ፣ ስልኩን ዝጊው፣ እኔ እደውልለታለሁ አልኳት።

ሸምሱ አነሳ። እትዬ ወይንሸት በደህና ነው ሲለኝ ምላሱ ተሳስሯል። ያንን የእንቅልፍ ድምፅ ስቼው አላውቅም። ቁም አልኩት። ደህና ነኝ፣ አዋሽ ስደርስ አርፋለሁ አለኝ። ጌታሁን ዛሬ ጠዋት እኔ ጋ ኮረሪማ ሲገዛ ነበር ስለው የሞተሩ ጩኸት ብቻ ተሰማኝ። ሸምሱ፣ አልኩት፣ ልጅህ አባቷን ለአንድ ጠዋት ብታጣው ይሻላታል ወይስ ዕድሜ ልኳን? ያ ስትስቅበት የነበረው ታዴ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ እጁን ይዤው። መንገድ አልነጠቀኝም። አንተም ለቤተሰብህ ይሄን አትንፈጋቸው አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ። ጥላ ፈልጎ መኪናው ሥር ሰሌን አንጥፎ ተኛ፤ አራት ሰዓት ቆጥሬ እኔው ቀሰቀስኩት።

ኒካሁ ላይ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ምሳ ሲቀርብ ደረሰ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። ሙሽራዋ የመኪናው ግራሶ ይነካኛል ሳትል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰኞ ጠዋት ራሱ ህሊና ቢሮ ሄዶ ሁለቱንም ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አላባረሩትም፤ አንድ ወር ከመንገድ ታገደ። ጌታሁንም ድርሻውን ቀመሰ። ህሊና ደግሞ አልጋው ሥር ያስቀመጥኳቸውን ካላንደሮችህን ተሸክማ ሄዳ አለቃዋ ፊት ዘረገፈቻቸው። አርፎ የሚነዳ ሰው ከጅቡቲ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ይኸው፣ እናንተ ቶሎ ድረስ እያላችሁት መሣሪያው ብቻውን ምን ያደርጋል አለችው። እናያለን ብሏል። አለቃ እናያለን ካለ መቼ እንደሚያይ አንተ ታውቃለህ። እሷ ግን ስትነግረኝ አገጯን ቀና ያደረገችው ልክ እንደ አንተ ነው።

ታዴ፣ አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የመጨረሻዋ ቀን ዓይንህን ገልጠህ አየኸኝና «ወይንዬ፣ ቆምኩ» አልክ። ምን እንደምትጠብቅ አውቄ ነበር። ግን ስንት ጊዜ ያልኩህን ቃል ያን ቀን ነፈግኩህ፤ ካልኩት ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። እጅህን ጨብጬ ገና ነው፣ ገና ነው ስልህ ሄድክ። ሁሌ አስፈቅደህ የምትተኛ ሰው፣ ያን ቀን ፈቃድ ሳታገኝ ሄድክ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ይሄ ነገር ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ትናንት ሸምሱ ቅጣቱን ጨርሶ መንገድ ወጣ። ከምሳ በኋላ በርበሬ እየመዘንኩ ስልኬ ጠራ። እትዬ፣ አዋሽ ነኝ፣ ቆምኩ አለኝ። ሳላስበው ዕንባዬ ወረደ፤ ደንበኛዬ በርበሬው ዓይኔ ገብቶ መስሏት ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች። ተኛ አልኩት። ቤት ገብቼ የዘንድሮውን ካላንደር ባዶው ምስማር ላይ ሰቀልኩና ሰዓቱን ጻፍኩ።

ያ ምስማር እኔ በሕይወት እያለሁ ባዶ አይሆንም። ቆምኩ የሚለኝ ሰው በደወለ ቁጥር አስብሃለሁ፣ ሰዓቱን በጻፍኩ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። አንተ መንገድህን በሰላም ጨርሰሃል፣ ማንንም ሳትጎዳ መኪናህን ጥግ አስይዘሃል። ዘገየሁብህ፣ ይቅር በለኝ። ያኔ የጠየቅከኝን ዛሬ ልመልስልህ።

ተኛ፣ ታዴዬ። ተኛ።

የአንተው ወይንሸት