በአበቅቴ የተቆጠረ ዕድሜ

ሰኞ፣ መጋቢት ፮

«አንቺ» አለኝ! የክለባችን ተጠባባቂ ቡድንና የተስፋ ቡድኑ ለልምምድ ሲጋጠሙ የመስመር ዳኛ ሆኜ ነበር። ኳሷ ወጥታለች ብዬ ባንዲራ ባነሣ፣ ኢድሪስ የተባለው የተስፋው አጥቂ ፊቴ ቆሞ «ኡስታዝ፣ አንቺ ተሳስተሻል!» አለ። ሜዳው በሣቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «እትዬ መምህር!» ሲል ሰማሁ። ጾመ ድጓ የዘለቅሁ፣ ቅኔ የተቀኘሁ ሰው በአሶሳ ሜዳ ላይ ሴት ሆንሁ።

አማርኛ ለበርታ ብሔረሰብ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ አልጠፋኝም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተነግሮት ያልሰማ ትዕቢተኛ ነው።

ማክሰኞ

አሠልጣኝ ታደለ ወረቀት ይዞ መጣ። የተስፋ ቡድኑ ቅዳሜ ለወጣቶች ውድድር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ የታየ ወደ ዋናው ቡድን ያድጋል፤ ያልሄደ ቀረ። ዕድሜ ከዐሥራ ስምንት በታች መሆን አለበት። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለም፤ የአዲሱ ክልላችን ማኅተም እንኳ ገና እየተቀረጸ ነው። ስለዚህ የቡድን መሪው፣ ማለትም እኔ፣ ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

«መምህር፣ ያ ባለጌ ኢድሪስ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ጢሙን አላዩትም? ይሰርዙት።»

በኢድሪስ ቦታ የሚገባው የአሠልጣኙ የእኅት ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ብዕሬን አነሣሁ። ያልመረመርሁትን አልፈርምም ብዬ መልሼ አስቀመጥሁት።

ረቡዕ

ከኢድሪስ እናት ቤት ሄድሁ። እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይሰፋል። «ኡስታዝ፣ አንቺ ፖሊስ ሆንሽ?» አለ። አልፌው ገባሁ።

መቼ እንደ ወለዱት ብጠይቃቸው እናቱ እንዲህ አሉ፦ «ዓመት እኔ አያውቅም። ረመዳን ነበረች። እናንተ መስቀል እሳት አነደዱ። ከመስቀል ስምንት ቀን፣ ዒድ። ዒድ ቀን እሱ መጣች።»

«ስምንት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አልኋቸው።

«ሆድ ከባድ፣ ጾም ከባድ። እንዴት አልቆጥርም?»

ሐሙስ

የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ያንሳል። እኛ አበቅቴ የምንለው ይኸው ነው፤ የእነርሱም ረመዳን በዚሁ ልክ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘንድሮ በየካቲት አጋማሽ ገባ። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ልጁ ሃያ ዓመት እንዲሆነው ዒዱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ መዋል ነበረበት። መስቀል በዋለ በስምንተኛው ቀን ዒድ የሆነው ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው።

ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ስሕተት ባገኝ እየተመኘሁ። አላገኘሁም። ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ለማንም አያደሉም ነበር፤ ቁጥራቸውም አያደላም።

ዓርብ

«ዐሥራ ሰባት» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ጢሙስ?»

«እኔ የቆጠርሁት ዓመት ነው።»

«ሰድቦዎት የለም እንዴ?»

«ስድቡ ዕድሜውን አይጨምርለትም።»

«ከክለቡ ኮሚቴ አስነሣሃለሁ፣ አንተ ደብተራ!»

አንተ። ይህ ሰው አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነው። የሚለውን አሳምሮ ያውቃል። ሰኞ ከሰማሁት «አንቺ» ይልቅ ይኸኛው አንገበገበኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ቆሜ ስም ጠራሁ። የኢድሪስን ስም ስጠራ አሠልጣኙ ዘወር አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ መነሣቴ አይቀርም ይሆናል። የፈረምሁት ወረቀት ግን በእጄ ነው፤ ግልባጩንም አስቀምጫለሁ።

ኢድሪስ መጥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ኡስታዝ፣ እናቴ ነገረኝ። አንቺ እውነተኛ ነሽ።»

«እውነተኛ ነዎት» ይባላል አልሁት፤ ለአራተኛ ጊዜ።

«እሺ፣ ነዎት» አለና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ይቅር አላልሁም። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ፦ «አንቺ፣ ዱዓ አድርጊልን!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄን በቁጣ አነሣሁ። የስንብት መስሎት እሱም አወዛወዘ።

ይምሰለው።