ከጎሉ ጀርባ ያለው ቦታህ

ውዴ፣ ቄሴ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። በሰው ፊት ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስልህ ኖርኩ፤ ዛሬ የሚሰማን የለምና አንተ እልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን አጥር አሳድሼዋለሁ፤ ሬዲዮህን ለማንም አላዋስኩም፤ መቋሚያህም በሩ ጀርባ እንዳቆምከው ነው። ጥቁሬን አላወለቅኩም። አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ፣ ከሰው አፍ ሳትሰማው ራሴ ልንገርህ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰህ፣ ጥምጥምህን አስተካክለህ፣ የንስሐ ልጅ ልጠይቅ ብለህ ትወጣ ነበር። በኳስ ሜዳው በኩል አንድም የንስሐ ልጅ እንደሌለህ የመካነ ሰላም ሰው በሙሉ ያውቃል። ቄስ መጮህ አይገባውምና ከጎሉ ጀርባ ትቆማለህ፤ ጎል ሲገባ መሬቱን በመቋሚያህ ትመታለህ። ጭቃውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ምኑን ወደድከው ብዬ አንዴ ብነዘንዝህ፣ «የቅዳሴውን መጨረሻ ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ፤ የኳሱን ግን እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው» አልከኝ። ተቆጣሁህ። ያኔ ምክንያት አልመሰለኝም ነበር።

ባለፈው እሁድ ከመቃብርህ ስመለስ የሜዳው ጩኸት ተሰማኝና እግሬ ወሰደኝ። የእኛ ልጆች ከአጅባር ልጆች ጋር ይጫወታሉ፤ ሦስት ለዜሮ ተመርተዋል። አንዱ ተመልካች አወቀኝና «አብሽሪ፣ የቄሱ ቦታ እዚህ ነው» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። መቋሚያህ የቆፈራቸው ጉድጓዶች በጋውን ሙሉ እንዳሉ ቆይተዋል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር ከእኛ አንዱ ቀጭን ልጅ ሁለት ሰው አልፎ አገባ። ሦስት ለአንድ፣ ያው ተሸንፈናል። እኔ ግን እልል አልኩ። አዎ፣ በጥቁር ልብሴ፣ ከቀብርህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የማላውቃት ልጃገረድ አንገቴን አቅፋ ትዘላለች። ሐዘኔ አልሄደም፣ እዚያው ነበር፤ ግን አብሮኝ ዘለለ። ያኔ ኳስን ለምን እንደምትወድ ገባኝ።

በማግስቱ ታላቅ ወንድምህ፣ መሪጌታው፣ እቤቴ ድረስ መጡ። የቄስ ሚስት ሙት ዓመት ሳይሞላ ሜዳ ላይ እልል አለች መባሉ አሳፍሯቸዋል። ደግሞ ለተሸነፈ ቡድን፣ አሉ። እስከ ሙት ዓመትህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም እንዳልሄድ፣ መቋሚያህንም ለደብሩ እንድሰጥ አዘዙኝ። አክብሬ ሰማኋቸው፣ እስከ በር ሸኘኋቸው። መቋሚያውን አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። አርባህን አውጥቻለሁ፣ ሰማንያህን አውጥቻለሁ፣ አንድ ቀን ጸሎትህን አላጓደልኩም። ለባሌ እንዴት እንደማዝን ከእንግዲህ ማንም አያስተምረኝም።

የፊታችን እሁድ መቋሚያህን ይዤ እሄዳለሁ። ወዴት ነው የሚለኝ ካለ፣ የንስሐ ልጅ ልጠይቅ አልልም። ኳስ ልመለከት ነው እላለሁ።

ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ጉድጓዶችህን ዝናቡ ሊደፍናቸው ይሞክራል። ጎል በገባ ቁጥር እዚያው ላይ እመታለሁ፣ የእኛም ይሁን የእነሱ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይደፈኑም።

ባለቤትህ