የማሞቂያው ነዋሪዎች

ለማትጠገቢው እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ማስቸገሩን ተወልሽ? የላይኛዋ ጎረቤታችንስ አሁንም እርጥብ ልብሷን ከልብስሽ በላይ እያሰጣች ታናድድሻለች? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታ ሊያፈነዳኝ ነው። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ሳትሰሚ ስለምትጮኺብኝ ጻፍኩልሽ።

በቅድሚያ ልለምንሽ። "ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ተገተረ፣ ይበቃል" ብለሽ የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ ማሞቂያ ለብረት ሰብሳቢው ልትሰጪ ነው አይደል? ቅዳሜ ሲመጣ መልሺው። እንዳታስነኪው!

ለሙከራ የተቀጠርን አዲስ ምሩቃን አራት ነን፤ ላብራቶሪው የሚያስቀረው ግን አንዳችንን ነው። ኃላፊያችን "ምንም አይኖርበትም ከምትሉት ቦታ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አምጡልኝ" አሉን። አንዱ ከጨው ማምረቻ፣ አንዷ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ሌላው ከባትሪ ቤት አሲድ አመጡ። እኔ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ከማሞቂያችን ማፍሰሻ በጠርሙስ የቀዳሁትን ይዤ ቀረብኩ። ሳቁብኝ እማዬ! ስሜ "ሻወር" ሆኖ ቀረ። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ "ሻወር፣ ፎጣውስ?" ይሉኛል።

የእነሱ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን እስካሁን ባዶ ነው። የእኔው ላይ፣ እጅ በሚልጥ ሙቀት ውስጥ፣ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆኑ ነጠብጣቦች ፈሉ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና "ይሄ የማን ነው?" አሉ።

"የእናቴ" አልኳቸው።

አውቃለሁ፣ አሁን "በቤቴ ጀርም አለ ብለሽ አገር አሰማሽብኝ?" ልትዪ ነው። ተረጋጊ። እነዚህ በሽታ አያመጡም፤ የሰው ገላ ለእነሱ ብርድ ነው። ቤትሽ ስላልጸዳ የመጡም አይደሉም። ደጅ የማይቀዘቅዝ ውሃ ቢያገኙ ደጅ ይኖሩ ነበር።

ኃላፊው ማሞቂያው መቼ መቼ እንደሚበራ ጠየቁኝ። አንቺ ያልሽኝን ነገርኳቸው፦ አባባ ከዓመት በፊት ካንቺ ተጣልቶ ከወጣ ወዲህ ማሞቂያው ጠፍቶ እንደከረመ፣ የዚያን ዕለት እኔ ስለመጣሁ ብቻ እንደበራ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "የለም የኔ ልጅ፣ ከውሃው ጋር የወጣው ዝልግልግ ሽፋን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ይህ ውሃ ዓመቱን ሙሉ አልቀዘቀዘም" አሉኝ።

አባባ የሩቅ አገር ጭነቱን ከመኪናው አራግፎ ሲመጣ፣ ጫማውን በር ላይ ጥሎ በቀጥታ ወደ ሙቁ ውሃ ሲገባ ታየኝ። አንቺንም ምንም አልጠይቅሽም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ ናሙና ልቀዳ እመጣለሁ። ያው ባክቴሪያ ከተገኘ ቦታው የእኔ ነው ተብያለሁ። እስከዚያ አታጥፊው፤ በረኪናም እንዳታስጠጊው! ጠርሙሱ ላይ "የተገኘበት ቦታ" በሚለው ፊት "የእናቴ ቤት" ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ኃላፊው "አድራሻ ነው እኮ የሚጻፈው" ብለው ሳቁ። አልሰረዝኩትም።

ልረሳው ነበር፣ ትናንት አባባ ደወለልኝ። ሻወር መባሌን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውሃው አሁንም ሙቅ ነው?" አለኝ።

"ነው" አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ቅዳሜ ጭነት ይዞ በቤትሽ በኩል ያልፋል።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ የልብሽን ይሙላልሽ።

በአንቺ የምትኮራው ልጅሽ