የግብፅ አማልክትና የአንቺ ሱቅ

ለአበልጄ፣

ካለሽበት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው፣ ሕመሙ ቀለል አላቸው? የክርስትና ልጄ ሩታስ? ትምህርቷን አቋርጣ ልብስ መሸጫ ተቀጠረች ብለው ነገሩኝ፤ ውሸት በሆነ። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ደኅና አይደለሁም። ደክሞኛል። ከሱቄ፣ ከበርበሬ በረንዳ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያለችው መንገድ እንኳ ረዝማብኛለች። ስልኬን ስለማታነሺ ይኸው ጻፍኩልሽ። ሹፌሩ ምንይሉ ቅዳሜ ወደ እናንተ ይወጣል፣ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ።

ሱቅሽ ከተቃጠለ ዓመት ከመንፈቅ ሞላው። ቦታውን አሁን ጀማለዲን የሚባል ቅመም ነጋዴ ይዞታል። ጨዋ ሰው ነው፣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ግን ጠዋት የቆርቆሮውን በር ሲከፍት በሰማሁ ቁጥር የመጣሽው አንቺ ትመስይኛለሽ።

ከቃጠሎው በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ በማኅበራችን ምን እንዳልኩ ሰምተሻል። ከሌላ ሰው ነው የሰማሽው፤ አሁን ከእኔ ስሚው። ተራው የፋናዬ ነበር። እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ ሄጄ የራጉኤሉ መምህር ያስተማሩንን ለሴቶቹ ማስረዳት ጀመርኩ። ዐሥሩ መቅሠፍት እንዲሁ የወረደ ቁጣ አልነበረም፣ ግብፆች የሚያመልኩትን አንድ በአንድ እየለየ የፈረደበት ነው አልኳቸው። ወንዙን ያመልኩ ነበር፣ ደም ሆነባቸው። የእንቁራሪት ራስ ያላት አምላክ ነበረቻቸው፣ እንቁራሪቱ ቡሃቃቸው ውስጥ ገባ። ከብቱንም ያመልኩ ነበር፣ አለቀ። ትልቁ አምላካቸው ፀሐይ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋባቸው። ፍሬሕይወት እንቁራሪትም ይመለካል እንዴ ብላ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ ፋናዬ፣ ነገር ፈልጋ አይደለም፣ የዋህ መሆኗን ታውቂያለሽ፣ ታዲያ እሳቱስ የአበልጅሽን ምኗን መታው ብላ ጠየቀችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሱቋን ነዋ አልኩ። እሑድ እሑድ እየከፈተች ከቅዳሴ ቀረች፣ ማኅበሩንም ሦስት ወር ረሳችው፣ ሱቁ አምላኳ ሆኖባት ነው አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለእናትሽ መድኃኒት ስትይ እሑድን እንደምትሠሪ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ሰባተኛ ሰፈር ደረሰ፣ ከዚያ አንቺ ጋ። የድሮ ደንበኞችሽ እንኳ በሌላ ዓይን ያዩሽ ጀመር። አንቺ ግን ጠቅልለሽ የሄድሽ ቀን ጉንጬን ስመሽኝ ነው የተለየሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

የእኔ ሱቅ ሁለት ጆንያ በርበሬ ብቻ ነው የተቃጠለበት። ጭሱ መንደሩን ሁሉ ሲያስነጥስና ሲያስል አመሸ። ሰው ጸሎቷ አተረፋት አለ። እኔም አሜን አልኩ።

አሁን የምነግርሽን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ያን ቀን፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ጥጄ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ የት እንደምትቀመጥ ታውቂያለሽ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ካለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሥር ናት። ከወዲያ በኩል አንቺ የምትሸጪውን ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት ትከምሪ ነበር። የራጉኤል ደወል ሲደወል ዋዜማው እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አንሥቼ ሮጥኩ። በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ። ሌላውን አላስታውስም እያልኩ ኖርኩ።

በማግስቱ የተረፈ ዕቃ ልናወጣ ስንገባ ማንቆርቆሪያዬን ቂጡ ቀልጦ ከምድጃዋ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። አንቺ በርሽ ላይ ተቀምጠሽ ታለቅሺ ነበር። ሁለቱን በኩርቱ ፌስታል ጠቅልዬ በአጠገብሽ አለፍኩ። አይዞሽም ብዬሻለሁ። አልጣልኩትም፣ አልጋዬ ሥር አለ።

በረንዳው ላይ እማሆይ እያሉ ሲቀልዱብኝ የተቆጣሁ እመስል ነበር፤ ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር። የማመልከው እሱን ነበር አበልጄ፣ ጸሎተኛ መባሌን። እሱን ለማዳን አንቺን ሰጠሁ።

በመጪው ራጉኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ለሴቶቹ ልነግራቸው ቆርጫለሁ፤ ግን ራሴን አላምነውም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ምላሴ ይተሳሰር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሜ ለአንቺ ጻፍኩት። የእጅ ጽሑፌን ሁሉም ያውቀዋል። ደብዳቤውን አትቅደጂው። ለማኅበሩም፣ ለፖሊስም፣ ለፈለግሽው አሳዪው፤ አልክድም።

እናትሽን ይማርልሽ። የወጣሽበትን ይባርክልሽ፣ ደጅሽን ሰው አይጣው። ይቅር በይኝ ብዬ በወረቀት አልጠይቅሽም፤ ካልሽኝ መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። አበልጅሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን አንቺ እስክትፈቅጂልኝ ትቼዋለሁ።

የሩታ ክርስትና እናት